ልመና፣ ምልጃና መማለጃ
በዊልያም ሼክስፒር «ሜዠር ፎር ሜዠር» ሁለተኛ ገቢር ላይ፣ ወደ ቅድስት ክላራ ገዳም ለመግባት በመሰናዳት ላይ ያለች ኢሳቤላ የተባለች ልጃገረድ ሞት የተፈረደበትን ወንድሟን ለማስማር በእንደራሴው በአንጄሎ ፊት ትቀርባለች። ወንድሟ ክላውዲዮ የተያዘው የሥርዓተ ጋብቻው ወግ ሳይፈጸም እጮኛውን በማስረገዙ ነው። ሕጉ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ኖሮ አዲሱ ሹም ቀስቅሶታል። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1604 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መታየቱ ተመዝግቧል፤ የታተመው ግን ደራሲው ካረፈ ከሰባት ዓመት በኋላ በ1623 ነው። አርእስቱን አማርኛ ለማልበስ ብዙ መድከም አያሻም፤ ከማቴዎስ ወንጌል የተቀዳ በመሆኑ «በሰፈሩት ቁና» የሚለው አባባል ልክክ ይልለታል። ችግሩ የሚጀምረው ልጅቱ አፏን ስትከፍት ነው።

እንግሊዝኛ ለመጠየቅ፣ ለመለመንና ለመለማመጥ ያከማቻቸው ቃላት የኅብረተሰቡን የመደብ ታሪክ ተሸክመው የመጡ ናቸው። «አስክ» እና «ቢሲች» ከጥንቱ የሕዝቡ ቋንቋ የወረዱ ሲሆኑ፣ «ፕሬይ»፣ «ኢንትሪት» እና «ፕሊዝ» ግን ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ ከገዥዎቹ ፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው። «ኢምፕሎር» በሥሩ የላቲን ለቅሶ አለበት፤ «ሰፕሊኬት» የታጠፈ ጉልበት። ዛሬ ሕፃን ሁሉ የሚማረው «ፕሊዝ» መነሻው «ደስ ካሰኘዎት» ማለት ነበር። ስለዚህም የጠያቂውን ችግር ትቶ የተጠያቂውን ደስታ የሚያስቀድም ቃል ነው፤ በማን ቤት እንደተወለደ ለመገመት አያዳግትም።

ይህንኑ ቃል በደረሰበት ሁሉ «እባክዎ» እያሉ መመለስ የብዙ ተርጓሚዎች ልማድ ሆኗል። ዳሩ ግን አማርኛ ትሕትናን የሚያኖረው በግሡ መድረሻ፣ በ«እርስዎ»ና በ«አንቱ»፣ በ«ጋሼ»ና በ«እትዬ» ነው። «ውኃ ይስጡኝ፣ እትዬ» ብሎ የጠየቀ ልጅ ምንም አልጎደለበትም። «እባክህ» ከዚህ የከበደ ነው፤ አንድ ጊዜ እምቢ የተባለ ሰው ሁለተኛ ሲመለስ የሚይዘው ቃል ነው። ድምፁ ሲለወጥ ደግሞ «ተው እባክህ!» ተግሣጽ፣ «እባክህ?» አለማመን ይሆናል። በየገጹ አሥር ጊዜ «እባክዎ» የሚል ትርጉም ጨዋ ሳይሆን ነዝናዛ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ የእውነቱ ልመና ሲመጣም የሚሰጠው ቃል አይኖረውም።

ኢሳቤላ በመጀመሪያ ንግግሯ አትለምንም ማለት ይቻላል። ጥፋቱን እርሷም እንደምትጠላው ትናገራለች፤ ሹሙ ሕጉን ሲጠቅስባት ፍርዱ ልክ ነው ብላ ልትወጣ ትነሣለች። አጅቧት የመጣው ሉቺዮ የተባለ ዋልጌ ይይዛትና፣ አንዲት መርፌ የምትጠይቅ ሰው እንኳ ከዚህ በበለጠ ትግላለች፣ ይልቅ ተንበርከኪ፣ ልብሱን ያዢ ብሎ ይገፋፋታል። እዚህ ላይ ተርጓሚው ሙቀቱን ገና ከመግቢያዋ ካፈሰሰው የሉቺዮ ወቀሳ መሬት አይይዝም። በመጀመሪያ የሚስማማት ደረቁ የችሎት ቋንቋ ነው፤ «አመለክታለሁ»፣ «አቤቱታ አለኝ» ብላ ትጀምር። «ስለ እመቤቴ»ን ከአፏ ያስቀደመ ተርጓሚ ደግሞ ገና ከበሩ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማኝ አድርጓት አረፈ። «ለመነ» የሚለው ግሥ ራሱ ይህ አደጋ አለበት፤ ለማኝም ይለምናል፣ ጻድቅም ይለምናል። የኢሳቤላ ሥራ በትክክል ሲጠራ ምልጃ ነው፤ በበደለኛና በሹም መካከል ቆማለችና።

ይህ ቃል ከተያዘ አማርኛው እንግሊዝኛው የሌለው ሀብት ያገኛል። ከክርክሩ ማብቂያ ላይ ኢሳቤላ ለሹሙ ጉቦ እንደምትሰጠው ትናገራለች፤ አንጄሎ ይደነግጣል፤ ሉቺዮም ነገሩ ሁሉ የተበላሸ መስሎት ይሸበራል። ልጅቱ ግን ወርቅ ሳይሆን የደናግልን ጸሎት ማለቷ ነው። በእንግሊዝኛው ይህ ለአንድ አፍታ የሚያስደነግጥ ጨዋታ ነው። በአማርኛ ግን የጉቦ የቆየ ስሙ «መማለጃ» ነው፤ ከ«ምልጃ» የተወለደ፣ የአንድ እናት ልጅ። እስከዚያች ደቂቃ ስታማልድ የቆየችው ልጅ «መማለጃ አመጣለሁ» ስትል ሹሙም ተመልካቹም የሚሰማው ድንጋጤ ከቃሉ ሥር የሚወጣ ይሆናል። በሹም ደጅ ጥናት የኖረ ኅብረተሰብ ሁለቱን ቃላት ከአንድ ሥር ያበቀለው ያለ ምክንያት አይደለም። «ጉቦ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ስሕተት አልሠራም፤ ነገር ግን በእጁ የገባውን ወርቅ በመዳብ ለውጧል።

ሁለተኛው ሀብት «አንተ»ና «እርስዎ» ናቸው። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛም ሁለት ነበረው፤ «ዛው» ለቅርብ፣ ለበታች ወይም ለተናቀ፣ «ዩ» ለከበሬታ። ኋላ የመጀመሪያው ከዕለት ንግግር ስለጠፋ የዛሬው የለንደን ተመልካች ልዩነቱን አጥርቶ አይሰማም። ኢሳቤላ አንጄሎን የምትለምነው በ«ዩ» ነው። ሹሙ የወንድሟን ሕይወት በገላዋ እንድትለውጥ ሲጠይቅና ምሥጢሩን ሲገልጥባት ግን፣ አሁኑኑ የምሕረቱን ወረቀት ፈርም፣ አለዚያ ማን እንደሆንህ ለዓለም እጮኻለሁ ስትል ቃሏ ወደ «ዛው» ይወርዳል። ልመናው የሞተባት፣ ክሱ የተወለደባት ቅጽበት ይህች ናት። የአማርኛ ተዋናይት «እርስዎ» ስትል ቆይታ ድንገት «አንተ» ብትል አዳራሹ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከመጀመሪያው በ«አንተ» ያስጀመራት ተርጓሚ ይህን ሰይፍ ከእጇ ይነጥቃታል። አንጄሎም ማን ያምንሻል ብሎ የሚመልስላት ያለ ሥጋት ነው፤ ሥልጣን የራሱ ምስክር ነውና።

«ተማሕፀነ»ስ? ግርማው ብዙዎችን ያማልላል። ይህ የግእዝ ግሥ ከ«ማሕፀን» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ በሌላው እቅፍና ጥበቃ ሥር ራስን መጣልን ያመለክታል። ኢሳቤላ በአንጄሎ ፊት ያቀረበችው የወንድሟን ጉዳይ ነው፤ ራሷን አይደለም። ነገሩን ጠምዝዞ ራሷን የጠየቀ እርሱ ነው። ስለዚህ ቃሉን በዚያ ትዕይንት ከአፏ ማስገባት የሹሙን ወጥመድ አስቀድሞ መስፋት ይሆናል። በአምስተኛው ገቢር በመስፍኑ እግር ሥር ለወደቀችው ለማርያና ቢሰጥ ግን ቦታው ነው።

ማርያና አንጄሎ ጥሎሽ ስላጣ የከዳት እጮኛው ናት። በሕግ ከተጋቡ በኋላ ወዲያው ሞት ይፈረድበታል፤ እርሷም ኢሳቤላ ከጎኗ እንድትንበረከክ ብቻ ትለምናታለች፤ እጅሽን ዘርጊ፣ ምንም አትናገሪ፣ ቃሉን ሁሉ እኔ እናገራለሁ ትላታለች። ሴት ለሴት፣ በጭንቅ ጊዜ የሚነገር ነውና «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» ቦታቸው እዚህ ነው። በችሎት ፊት ሲነገሩ የሚያስቁ የማእድ ቃላት ከማርያና አፍ ሲወጡ ትክክለኛ ክብደታቸውን ይይዛሉ። ወንድሟ የተገደለ የመሰላት ኢሳቤላ ለገዳዩ ትንበረከካለች። በመጀመሪያው ችሎት ሉቺዮ ገፋፍቶ ያሞቃት ልጅ አሁን ማንም ሳይገፋት በራሷ ታማልዳለች፤ «ምልጃ» የሚለው ቃል ከሁለተኛው ገቢር ተጠብቆ ከመጣ ተመልካቹ ሁለቱን ትዕይንቶች በአንድ ክር ያያይዛቸዋል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ኦቴሎ»ና በ«ሐምሌት» አማርኛ የሼክስፒርን ግርማ እንደሚሸከም አሳይቷል። የቀረው ፈተና ትንንሾቹ ቃላት ናቸው፤ ከእነርሱም አስቸጋሪው መጨረሻ ላይ ይገኛል። መስፍኑ በአደባባይ ኢሳቤላን ለጋብቻ ይጠይቃል። ሽማግሌ አልላከም፤ ደጅ አልጠናም፤ ንግግሩ የጥያቄን ልብስ የለበሰ የገዥ ቃል ነው። ደራሲው ለልጅቱ አንዲት መልስ አልጻፈላትም። ጆን ባርተን በ1970 በስትራትፎርድ ባዘጋጀው ትርኢት ኢሳቤላ ጥያቄውን ሳትቀበል በመድረኩ ላይ ብቻዋን ቀርታለች። አማርኛው «ላግባሽ» ካለ ትእዛዝ ይሆናል፤ «ፈቃድሽ ቢሆን» ካለ መስፍኑን ከሚገባው በላይ ያለዝበዋል። ሚዛኑን የሚጠብቀው «የምጠይቅሽ ነገር አለኝ» የሚለው ሳይሆን አይቀርም፤ ልጅቱ ዝም የምትልበት ቦታ ይተውላታልና።