ዜሮ ኪሎ ሜትር

ዛሬ ስለ መኪና ልናወራ ነው። መኪና የሌላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት፤ እኔም የለኝም። ነገሩ ግን የሁላችንም ነው።

በ1994 ዓ.ም. አንድ ወዳጄ አዲስ መኪና ገዛ። የጃፓን ሥሪት፣ ደብል ጋቢና፣ ወንበሩ ከነላስቲኩ! ለዚህች መኪና ሲል አሥራ አንድ ዓመት ቆጥቧል፣ ሱቁን ሸጧል፣ ከሚስቱ ወንድም ተበድሯል። “ለምን ያገለገለ አትገዛም? በግማሽ ዋጋ ታገኛለህ እኮ” ስንለው “እኔ ሌላ ሰው የተቀመጠበት ላይ አልቀመጥም!” ይለናል። ይህን የሚለን ሰውዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በታክሲ የኋላ ወንበር አራተኛ ሆኖ እየተጠቀጠቀ የኖረ ነው። ይሁን፤ ሰው ሲሞላለት ያለፈውን ይረሳል።

የርክክቡ ቀን አራት ሆነን ሄድን። ሻጩ ቁልፉን እንደ ሥዕለት ዕቃ በሁለት እጁ አቀረበለት። ከዚያም ጎንበስ ብሎ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አሳየን። 14 ይላል። “ከመጋዘን እዚህ ድረስ ብቻ ነው የተነዳችው፤ ዜሮ ማለት ናት” አለ። ወዳጄ ዞሮ አየን። የዚያን ዕለት ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ የሠርጉ ዕለት አላየሁበትም። (ሚስቱ ይህን እንዳታነብ ብቻ!)

ቤት ስንደርስ እናቱ ፈንዲሻ በተኑባት፣ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። የሰፈር ልጆች በመስተዋቱ ፊታቸውን እያዩ ጥርሳቸውን ይቆጥራሉ። ይሄኔ ነው እንግዲህ የወዳጄ የመጨረሻ ልጅ ከሾፌሩ ወንበር ሥር እጁን ከትቶ አንዲት ሳንቲም ይዞ የወጣው።

“አባዬ፣ ይሄ የየት አገር ሳንቲም ነው?”

ተቀባበልናት። ግመል ተስሎባታል። የጅቡቲ 50 ፍራንክ ናት። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። እናቱ ልጃቸው ቅር እንዳይለው ብለው “እንግዲህ መኪናዋ ከባሕር ማዶ መጥታ የለ? ከመርከበኞቹ ኪስ ወድቃ ይሆናላ!” አሉ። የሚስትየው ወንድም ግን (ያበደረው እሱ ነውና አፉ አይያዝም) ሳንቲሟን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያት።

“ለመሆኑ ጅቡቲ 14 ኪሎ ሜትር ናት እንዴ? ይህንንማ ብናውቅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን እንዋኝ ነበር!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወዳጄ ብቻ አልሳቀም።

ከጅቡቲ ወደብ አዲስ አበባ በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሰብን በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ከዘጋብን ወዲህ ብረቱም፣ ማዳበሪያውም፣ መኪናውም በዋናነት የሚገባልን በዚሁ መንገድ ሆኗል። ጋላፊን ተሻግሮ ሰርዶ፣ ሰመራ፣ ሎግያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ አዳማ ነው። ከጋላፊ እስከ አዋሽ ያለው የአፋር ምድር በሞቃታማ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚያ ሁሉ አገር አዲሲቷ መኪና በራሷ ጎማ ተነድታ መጥታለች። መምጣቷ ነውር አይደለም፤ መኪና የተሠራው ሊነዳ ነው። ነውሩ ያቺ 14 ናት።

እኛ ሰፈር ሻይ ቤት የሚቀመጥ፣ ከጅቡቲ አዳዲስ መኪና እየነዳ የሚያመጣ ሾፌር ነበር። የሳንቲሟን ነገር ከሰማሁ በኋላ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩና ሻይ አዘዝኩለት።

“ስንቴ ተመላልሰሃል?”

“ቆጥሬው አላውቅም ጋሼ። ያመጣኋቸውን ብደረድራቸው ከዚህ ቃሊቲ ይደርሳሉ።”

“ኪሎ ሜትሩን እንዴት ነው የምታደርጉት?”

ሳቀ። “እሱማ ወደቡ በር ላይ ይተኛል። ካምቢዮው ጋ ገመዱ ይፈታል፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ቃሊቲ ስንደርስ መልሰን እናስረዋለን።”

“ማን ነው ፍቱ የሚላችሁ?”

“ማንም አይልም ጋሼ። ያልፈታ ሾፌር ግን ለሁለተኛ ጊዜ አይላክም።”

ይቺን አባባል ልብ በሉልኝ። ማንም አላዘዘም፤ ሁሉም ያውቃል፤ ያልፈጸመ ይቀጣል። ስንቱ የመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ በዚህች መመሪያ እንደሚሠራ እናንተው አስሉት።

ከዚያ ትንሽ አሰብኩና “ቆይ ቆይ፣ ፍጥነቱን የሚያሳየው ቀስትም እኮ የሚሠራው በዚያው ገመድ ነው። ገመዱ ከተፈታ በስንት እየሄድክ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?” አልኩት።

“በጆሮዬ” አለኝ። “የሞተሩን ድምፅ እሰማለሁ።”

“ሲመሽስ?”

“ሲመሽም በጆሮዬ ነዋ ጋሼ!”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት። የሚታለለው ወዳጄ፣ የሚጎዳው ኪሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለአንዲት “ዜሮ” ሲባል ሰው 900 ኪሎ ሜትር ዓይኑን ታስሮ ይነዳል። ክፍያው በጉዞ ነው፤ ቶሎ የደረሰ ቶሎ ይመለሳል፤ ቶሎ የተመለሰ ሌላ ጉዞ ያገኛል። ስለዚህ ሌሊቱንም ይነዳል። በዚያ መንገድ ደግሞ ሌሊት ግመል አለ። ግመል የኋላ መብራት የለውም።

አንድ ጓደኛው ገዋኔ አካባቢ በሌሊት ግመል ገብቶበት እንደተገለበጠ አጫወተኝ። “ሁለት ወር ተኛ። እግሩ አሁንም ያነክሳል። መኪናዋን ሊያነሱ የመጡት ሰዎች ከምኑ እንደ ጀመሩ ያውቃሉ ጋሼ? ኪሎ ሜትሩን አዩ። ‘ጥሩ ነው፣ አልቆጠረም’ አሉ።”

ሻዬ ቀዘቀዘ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። አዲስ ሞተር አራስ ነው። ብረት ከብረት ገና እየተላመደ ነውና የመጀመሪያዎቹን አንድ ሺህ ያህል ኪሎ ሜትሮች በርጋታ ንዱት፣ ነዳጅ እስከ ጥግ አትርገጡ፣ ለረጅም ሰዓት በአንድ ፍጥነት አትሂዱ፣ ከባድ ጭነት አትጫኑበት ይላል አብሮት የሚመጣው መጽሐፍ። (መጽሐፉን የሚያነበው ማነው አትበሉኝ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ዓምድ ነው።) የወዳጄ መኪና ይህን የአራስነት ጊዜዋን ያሳለፈችው በማያውቃት፣ በቸኮለ፣ ስንት እንደሚነዳ በማያይ ሰው እጅ፣ በአፋር ሙቀት ነው። ሲያደርሷት “ገና አልተወለደችም” ተባለ።

ሒሳቡም ቀላል ነው። በጊዜው የመጀመሪያው ዘይት የሚቀየረው ቆጣሪው 1,000 ሲያነብ ነበር። ቆጣሪው ግን 900ውን ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ስለዚህ ወዳጄ በጥንቃቄ፣ በቀኑ፣ በሰዓቱ “በ1,000” ዘይት ሲያስቀይር ሞተሩ 1,900 ሠርቷል። ሰውየው እንደ ታዘዘው እየታዘዘ መኪናውን ይጎዳል። ውሸት እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ሄዶም ሥራውን ይሠራል።

ወዳጄ ሳንቲሟን ይዞ ወደ ሻጮቹ ተመለሰ። እኔም ተከተልኩ። የሽያጩ ኃላፊ አልደነገጡም፣ አልካዱምም። ወንበር ሰጡን፣ ቡና አዘዙልን፣ ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁት፤

“ጌታዬ፣ እውነቱን እንነጋገርና ቆጣሪው 900 ቢያነብ ኖሮ ይገዟት ነበር?”

ወዳጄ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ቡናችንን ጠጥተን ወጣን። መንገድ ላይ “አልገዛትም ነበር” አለኝ። “ወይም ዋጋ ቀንሱ እላቸው ነበር።”

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ሾፌሩ “ካልፈታሁ እንጀራዬ ይቋረጣል” ይላል። ሻጩ “ካላስፈታሁ ገዢ ይሸሻል” ይላል። ገዢው “ዜሮ ካልሆነ አልፈልግም” ይላል። ክቡ እዚያው ላይ ይዘጋል። ሁላችንም ጅቡቲ የት እንዳለች እናውቃለን፤ መኪናዋ በክንፍ እንዳልመጣችም እናውቃለን። ሆኖም እውነቱን የሚነግረንን ሻጭ ትተን ደስ የሚያሰኘንን ወደሚነግረን እንሄዳለን። ለዚህች ውሸት በብር እንከፍላለን። ያ ሾፌር ደግሞ በእግሩ ከፈለ።

ይህ ለሻጩ ይቅርታ አይሆንም። ገበያተኛው ቢጫ ቅቤ ስለሚወድ ቅቤው ውስጥ ባዕድ ነገር መጨመር አይፈቀድም። ቆጣሪ እንደ ሚዛን ነው፤ ሚዛን የሚያዛባ ደግሞ “ደንበኛዬ ደስ እንዲለው ብዬ ነው” ቢል ማን ይሰማዋል? ግን እኛም ራሳችንን እንይ። ቴሌቪዥኑን ከነላስቲኩ የምናይ፣ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ለአምስት ዓመት የማንልጥ፣ ሶፋውን በላስቲክ ሸፍነን እንግዳ የምናስቀምጥ ሰዎች ነን። በላብ የሚጣበቀውን እንግዳ ማን አሰበው! ዕቃው ከሚሰጠን አገልግሎት ይልቅ “አዲስ ነው” መባሉ ይበልጥብናል።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። የገመዱ ዘመን አልፏል፤ የአሁኖቹ መኪናዎች ቆጣሪ ኤሌክትሮኒክ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ “አዲስ” የምትለዋን ቃል ይበልጥ አስወደዳት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሎ ፊታችንን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዞረ። በከባድ መኪና ጀርባ ላይ ተደርድረው ሲገቡም እናያለን። ይህ ደግ ነው።

ጥያቄው ግን ከገመዱ ጋር አብሮ አልሞተም። በገመድ የሚቆጠር በገመድ ይተኛል፤ በኮምፒውተር የሚቆጠርም በኮምፒውተር ይነካካል። በመንገድ ተነድቶ የሚመጣም ቢሆን መፍትሔው ምሁር አይፈልግም። የሽያጭ ውሉ ላይ “ከወደብ በመንገድ የመጣ፤ ቆጣሪው 900” ብሎ መጻፍ፤ የመጀመሪያውን ዘይት ሻጩ ራሱ ቀይሮ ማስረከብ፤ ሾፌሩን በጉዞ ሳይሆን በቀን መክፈልና ሌሊት እንዳይነዳ ማድረግ። እኛ ገዢዎች ደግሞ ያንን 900 ስናይ እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ታማኝነት ማየት። የመጨረሻው ነው የሚከብደው።

እንዴት እንደሚከብድ ልንገራችሁ። ወዳጄ ያቺን መኪና በ2003 ዓ.ም. ሸጣት። ገዢው ዞር ዞር ብሎ ካያት በኋላ እንደ ተለመደው “ስንት ሄዳለች?” አለ።

“ቆጣሪው ላይ ካለው 900 ደምርበት” አለው ወዳጄ፤ ታሪኩንም ነገረው። ሳንቲሟንም ከቁልፍ መያዣው ላይ ፈቶ አሳየው።

ገዢው ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ አየው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ታዲያ አሥር ሺህ ብር ቀንስልኛ!”

ወዳጄ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ መሬት አቀረቀርኩ። የሚስቱ ወንድም ቢኖር አንድ ነገር ይል ነበር። ወዳጄ ግን ሳቅ አለና ቀነሰለት። ሳንቲሟንም መረቀለት።

“ይቺን አትጣላት። ስትሸጣት ትጠቅምሃለች” አለው።

ገዢው ሳንቲሟን አገላብጦ አየና ኪሱ ከተታት። ሲሸጥ ያሳያት ይሆን? እንጃ! ቸር ያሰንብተን።