ስለ ግመልና ስለ መርፌ ቀዳዳ የተሰጠ ትርጓሜ ምርመራ

ባለጸጋው ጐልማሳ ወደ ጌታችን ቀርቦ የዘለዓለምን ሕይወት በጠየቀበት ምዕራፍ (ማቴዎስ 19) ስለ ግመልና ስለ መርፌ ቀዳዳ የተነገረ ቃል አለ። ይህን ቃል በሻኪሶ አንድ ሰባኪ ሲተረጕመው ሰማን። በኢየሩሳሌም ቅጥር የመርፌ ቀዳዳ የምትባል ጠባብ በር ነበረች፤ ግመልም ጭነቱ ሲወርድለት ተንበርክኮ ያልፍባት ነበር፤ እንዲሁም ባለጸጋ ጥቂት ዝቅ ቢል ይገባል አለ። ሰሚዎቹ፥ ይልቁንም ወርቅ ነጋዴዎቹ፥ ደስ ብሏቸው ወጡ። እኛ ግን ይህን ትርጓሜ ስለ ሦስት ነገር አልተቀበልነውም።

ፊተኛው፤ ምስክር የለውም። በዚህ ስም የተጠራች በር በጌታችን ዘመን እንደ ነበረች የሚያስረዳ የጥንት ጽሕፈት አልተገኘም፤ ነገሩ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተነገረ ነው። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ ግመል የተባለው ወፍራም የመርከብ ገመድ ነው ብሏል፤ ነገር ግን ገመዱም በመርፌ ቀዳዳ አያልፍምና ቃሉን አላቀለለውም።

ሁለተኛው፤ ተከታዩን ንባብ ያፈርሳል። ደቀ መዛሙርቱ ይህን ሰምተው እጅግ ደነገጡ፤ ጌታም ነገሩን ከሰው ኃይል አውጥቶ ለአምላክ ችሎታ ሰጠው። በሩ በመንበርከክ የሚታለፍ ከሆነ ድንጋጤያቸው ስለ ምን ነው? የአምላክስ ችሎታ ለምን ተጠራ?

ሦስተኛው፤ ሰሚውን በእስራቱ ይተወዋል። አገራችን የወርቅ አገር ናት። የጎረቤታችን የአዶላ ከተማ ክብረ መንግሥት ተብላ ነበር፤ ወርቋም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለመንግሥት ይወጣ ነበር። በሻኪሶ አጠገብ ባለው በለገ ደምቢ ሕዝቡ ስለ ጤናውና ስለ ውኃው ጮኾ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማውጫው ፈቃድ ታገደ፤ ኋላም ሥራው ቀጠለ። በየወንዙ በእጁ የሚቈፍረው ጐልማሳም ወርቁን ሳያገኝ ስንቁን በብድር ይበላል፤ ሲያገኝም ወርቁ የአበዳሪው ነው። አበዳሪው ደግሞ የነገውን ዋጋ እያሰበ ሌሊት አይተኛም። ያ ወርቅ አጥቶ፥ ይህ ወርቅ አግኝቶ፥ ሁለቱም ለአንድ ጌታ ይገዛሉ።

አይሁድ የአብርሃም ልጆች ነንና ለማንም አልተገዛንም ባሉ ጊዜ ጌታ ኃጢአት የሚሠራ ሁሉ ባሪያ መሆኑን፥ አርነትም ከልጁ እንደሚገኝ አስረዳቸው (ዮሐንስ 8)። ባርነት በአገራችን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ፤ መልካምም ሆነ። የልብን ባርነት ግን አዋጅ አይሽረውም፥ ወርቅም አይቤዠውም። በግዕዝ ነጻነት ግዕዛን ይባላል፤ ግዕዝም ጠባይና ምግባር ማለት ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ሥር ናቸው። እንግዲህ ነጻ ሰው ማለት ጠባዩ የተፈታለት ነው እንጂ ሣጥኑ የሞላለት አይደለም።

እንግዲያ ባለጸጋ ሁሉ ጠፋን? የሚል ቢኖር፥ አይደለም እንላለን። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በሚድነው ባለጸጋ ላይ መጽሐፍ ጽፎ፥ የሚጣለው የገንዘብ ፍቅር መሆኑን፥ ገንዘቡ ግን በመልካም ሊሠራበት የሚገባ ዕቃ መሆኑን አስተማረ። አባ እንጦንስ ግን ይህንኑ ወንጌል በቤተ ክርስቲያን ሰምቶ የወረሰውን መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፥ የቀረውንም ሸጦ ለድኾች አካፈለ። አንዱ ልብን፥ ሁለተኛው እጅን ፈታ፤ ግመሉን ያቀለለ ግን ከሁለቱ አንድም የለም።

ድኻም በድህነቱ ብቻ ነጻ አይደለም፤ ያላገኘውን የሚያመልክ አለና። ነገር ግን ለድኻው ትዕግሥትን፥ ለባለጸጋው መጽናናትን ከፍሎ የሚሰብክ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 ያንብብ፤ በዚያ የተቀማው የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል።

ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፥ ሰባኪውን ብቻ አንነቅፍም። የቤተ ክርስቲያናችንን ጣራ ቆርቆሮ የሰጠን ማን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ እርሱ በፊታችን ሲቆም ቃላችን ይለዝባል። ስለዚህ የታሰረ ባለጸጋው ብቻ አይደለም፤ እኛም ነን። ስጦታውን እንቀበል፥ ቃሉን ግን አንሽጥለት፤ እውነቱን ብንነግረው ለእርሱም ለእኛም አርነት ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።