ነካ ያደረገውና የለየለት

ለለቅሶ ካራቆሬ ወርጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከጉያዋ አራት ገጽ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና፣ «ጋሼ፣ አስተማሪ ነበሩ አሉኝ። እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ» አለችኝ። የመጨረሻ ልጇ አዲስ አበባ ሊማር ሄዶ እንቅልፍ አጣ፤ ብቻውን ማውራት ጀመረ፤ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሊመርዙኝ ነው አለ። ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ መድኃኒት ጀመሩለት። ለጥናት እንፈልገዋለን ብለውም ወረቀቱን ለእሷ ሰጧት።

«ገና ነካ ነው ያደረገው እንጂ አልለየለትም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደሙን ለምን እንደፈለጉት ብቻ ይንገሩኝ። ደግሞስ እምቢ ብል መድኃኒቱን ይከለክሉት ይሆን?»

አነበብኩት። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ወረቀት ሲሰጠኝ የሚቀድመኝ ጥያቄ «ማን ነው የሚናገረው? ለማንስ ነው?» የሚለው ነው። ይኸኛው ግን ተናጋሪ የለውም። ናሙናው ይወሰዳል፤ መረጃው ይቀመጣል፤ ምስጢሩ ይጠበቃል። ማን ይወስደዋል? የት ያስቀምጠዋል? ለስንት ዓመት? ግሱ ሁሉ ተደራጊ ነው፤ ባለቤት የለውም። «እርስዎ» የሚለውም ልጁን ይሁን እናቱን አልለየም። አለመሳተፍ ሕክምናን እንደማያስቀር የሚናገረው ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም እናትየዋን እንቅልፍ የነሳት ጉዳይ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ በአንድ ረጅም አንቀጽ ሆድ ውስጥ ተወሽቋል። ጽሑፉ የተጻፈው ለታማሚ አይደለም፤ ለገምጋሚ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው አንብቦ ተደስቶ ይሆናል።

የሴትየዋን አማርኛ ልብ በሉልኝ። «ነካ አደረገው» እና «ለየለት»። ወረቀቱ «የመጀመሪያ ደረጃ ሳይኮሲስ» እያለ የሚንተባተብበትን ነገር እሷ በሁለት ቃል ጨርሳዋለች። ሐኪሞች ሕመሙ ያለ ሕክምና በቆየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል የሚሉት በነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ስላለው ጊዜ ነው። ጥናቱ የሚፈልገው ይህንኑ ጊዜ ከሆነ፣ «ልጅሽ ከነካ አደረገው ወደ ለየለት እንዳይሄድ ምን እንደሚረዳ ማወቅ እንፈልጋለን» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር?

አንዳንዱ አንባቢ ይህን ይዞ «ታዲያ ይቅርባቸው» ሊል ይችላል። እኔ እንደሱ አልልም። ቡታጅራን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ጥናት 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ፤ 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ቀድሞ መድኃኒት ቀምሶ የሚያውቀው ከመቶ 10 አይሞላም። እነዚያ ሰዎች ያለ ጥናቱ ማን በራቸውን ያንኳኳላቸው ነበር? የአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚሠሩበት ክሊኒክ እዚያ የተከፈተው ከጥናቱ ጋር ተያይዞ ነው። በሌላም በኩል፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው 919 ሰዎች መካከል በ10 ዓመት ውስጥ 121 ሞተዋል፤ ከአካባቢያቸው ሰው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው። መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየን ይኸው ቁጥር ነው። ቁጥሩም የተገኘው ቤተሰቦች ዓመት ከዓመት በራቸውን ስለከፈቱ ነው።

አዎ፣ የሚከፍት በር አለ። ነገር ግን በሩን ለከፈተው ሰው ተመልሶ ምን ይነገረዋል? ካራቆሬ ራሷ የጥናት ስም ናት። በ1953 ዓ.ም. መሬቷ ተናውጦ ማጀቴ ስትፈራርስ፣ «የካራቆሬ መንቀጥቀጥ» የሚል ስም በሳይንስ መጻሕፍት ገባ። ይህን ለሴትየዋ ብነግራት፣ «ለፈረንጅ ነገሯቸዋ! ለኛ ማን መጥቶ ነገረን?» ብላ ሳቀች። ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተን እኔም ሳቅሁ።

የተሻለ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ምራቅ እየሰበሰበ ሳይኮሲስ ከዘር ጋር ያለውን ግንኙነት ያጠናው ኒውሮጋፕ፣ ሰውየው ከመፈረሙ በፊት የተነገረውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲያስረዳ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄዎቹ አስር ናቸው፤ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተወሰዱ። ሳስተምር በነበረበት ጊዜ የቃል ፈተና እወድ ነበር፤ ተማሪው ካልገባው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ፊት ለፊት ያሳየኛልና። ይኸም እንደዚያው ነው። ታማሚው መመለስ ሲያቅተው ወዳቂው ጽሑፉና አስረጂው ናቸው፤ እንደገና ማስረዳት አለባቸው። በሕመም ላይ ያለ ሰው ደግሞ ዛሬ ያልገባው ነገ ሊገባው ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን አስፈርሞ መሄድ አይበቃም፤ ሻል ባለው ቀን ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ልጁስ ምን አለ?» አልኳት በመጨረሻ።

«እሱንማ ማን ጠየቀው?»

ከድንኳኑ ወጥተን ቤቷ ሄድን። ልጁ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ መድኃኒቱ ትንሽ አደንዝዞታል። ወረቀቱን በእኔ አማርኛ ነገርኩት። ቀስ ብሎ አዳመጠኝ፤ መሐል ላይ አስቁሞኝ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ፣ «ከደሜ ያገኙትን ለእኔ ይነግሩኛል?» አለኝ።

አራቱንም ገጽ አገላብጬ ፈለግሁ። አላገኘሁትም። «ሳትፈርም በፊት ይህንኑ ጠይቃቸው» አልኩት። እስክሪብቶ ተቀበለኝና ጥያቄውን በገዛ እጁ ከወረቀቱ ጀርባ ጻፈው።