አጥፍተው ያብሩት

እኛ ቤት ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ነካው?» ነው። «ምን ሆነ?» ለሚለው ተራ የሚደርሰው በስንት መከራ ነው። የናንተን ቤት ባላውቅም ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ብርጭቆ ሲሰበር፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ቁልፍ ሲጠፋ እንዲሁ ነን። ጥፋተኛው ከተገኘ ቧንቧው ማንጠባጠቡን የሚያቆም ይመስለናል።

ነገሩ የሆነው በግንቦት 2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል፤ የልጄ መምህራን ትምህርቱን በቴሌግራም ይልካሉ። እኔም ቢሮ መግባት ትቼ ወረቀቴን ሳሎን ዘርግቻለሁ። አማቴ ደግሞ ለሕክምና ከገጠር መጥተው እኛው ጋ ናቸው። በደኅናው ጊዜ ቢሆን ዘመድ አዝማድ ብርቱካኑን አንጠልጥሎ ቤቱን ያጣብበው ነበር። ያኔ ግን ሰው ሰውን ስለፈራ ጥየቃው ሁሉ በስልክ ሆነ። እሳቸው ሞባይል የሚባል ነገር አይወዱም፤ የሚያምኑት ባለገመዱን ስልክ ነው። ስለዚህ አንድ የሰፈራችንን ባለሙያ ጠርቼ፣ ከውጭ ከሚገባው መስመር ላይ ሽቦ አስቀጥዬ፣ አልጋቸው አጠገብ ሁለተኛ ስልክ አስገጠምኩላቸው። ይቺን ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔታችን ሰላም አጣ። ይመጣል፣ ይሄዳል። የልጄ ትምህርት ግማሹ ወርዶ ግማሹ ይቀራል። ሌሊት ሌሊት ግን ምንም አይለውም፤ ጠዋት ሰው ሲነቃ እሱ ይተኛል።

እንግዲህ ምርመራው ተጀመረ። ባለቤቴ «የጎረቤታችን ልጅ ነው የሚጠባው» አለች። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ግቢው ሲዘጋ ወደ ቤቱ የተመለሰ። ዋይፋያችንን እንዲጠቀም የፈቀድኩለት እኔው ራሴ ነኝ፤ አጥራችን ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ አየው ነበር። በዚያው ማታ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት። አንድ ቃል እንኳ አልነገርኩትም። በማግሥቱም ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ ጠፋ። ቀጥሎ ተራው የቤት ሠራተኛችን ሆነ። «ስትወለውዪ ሽቦውን ነክተሽዋል!» አልኳት። «ኧረ አልነካሁም ጋሼ» አለች። ሞደሙ ያለበትን ጠረጴዛ ዳግመኛ እንዳትጠጋ ተከለከለች። አቧራው በላዩ ላይ ተከመረ፤ ኢንተርኔቱም መጥፋቱን ቀጠለ።

አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ስደውል የማገኘው መልስ አንድ ነው። «ሞደሙን አጥፍተው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያብሩት።» ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስት የተለያየ ድምፅ፣ አንድ መልስ። በአራተኛው «ከኛ በኩል ችግር የለም» ተባልኩ። ጮኽኩ። ልጅቷ በትሕትና አመስግና ዘጋችብኝ።

ለነገሩ አጥፍቶ ማብራት ከንቱ ምክር አይደለም። ሞደሙ ሲነሣ ከማዕከሉ ጋር እንደ አዲስ ይነጋገራል፣ የሚችለውን ፍጥነት ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ችግሩ መሥራቱ ላይ ነው። ስለሠራ ለምን እንደጠፋ የሚጠይቅ የለም። ራስ ምታት ባመመን ቁጥር ማስታገሻ እየዋጥን ዓይናችንን ሳንመረመር እንደምንከርመው ማለት ነው።

ሲደውልላቸው የሚውል ደንበኛን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ምን ይከብዳል? «የትኛዋ መብራት ናት የጠፋችው?» ቢሉኝ ኖሮ! እኔ ቤት ያለው ሞደም ፊቱ ላይ የተደረደሩት መብራቶች ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ኮረንቲ መኖሩን ትናገራለች። ዲ ኤስ ኤል የተጻፈባት ብልጭ ድርግም ካለች ሞደሙ መስመር እየፈለገ ነው፤ ረግታ ከበራች አግኝቷል። እሷ ረግታ ኢንተርኔት የተጻፈባት ብቻ እምቢ ካለች ሽቦውን መጎርጎር ዋጋ የለውም፤ የመለያ ስሙን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ሂሳቡ መከፈሉን ማየት ነው። የዋይፋይዋ ደግሞ ከሞደሙ እስከ ስልካችን ስላለው ብቻ እንጂ ከግድግዳው ወዲያ ስላለው ነገር አታውቅም። እንግዲህ የኔዋ ድርግም ትል የነበረችው ዲ ኤስ ኤሏ ናት። ጎረቤት ዋይፋይ ቢጠባ ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል እንጂ እሷ አትጠፋም። ልጁ ነፃ መሆኑ ፊት ለፊቴ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም።

ጋራዥ ስትሄዱስ? ኮፈኑ ሳይከፈት «ካንዴላው ነው» የሚላችሁ መካኒክ አላጋጠማችሁም? ባንኩ «ሲስተም የለም» ይላል፣ የት ጋ እንደሌለ ግን ሲስተሙም ባንኩም አይናገሩም። ማንም ሰው «ቆይ ልየው» ማለት እንደ ውርደት ይታየዋል። እኔንም ጨምሮ።

አንድ ቀን ጠዋት የቤት ሠራተኛችን ቡና እያቀረበች ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ስልኩ ሲጮህ እኮ ነው መብራቷ የምትጠፋው» አለችኝ። ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ሞባይሌን አንሥቼ የቤታችንን ስልክ ደወልኩ። ከውስጥ ክፍል ተንጫረረ። ዲ ኤስ ኤሏ ድርግም አለች፤ ጠፋች። አማቴ «አቤት፣ ማን ልበል?» ይላሉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሁለቱ የመዳብ ሽቦዎች ላይ ድምፅና ኢንተርኔት አብረው ይጓዛሉ። ድምፁ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች፣ ኢንተርኔቱ ከ25 ኪሎኸርዝ በላይ ነው። ሁለቱን የምትለያየው ስፕሊተር የሚሏት ትንሽ ሳጥን ናት። ስልክ ከሷ በኋላ መቀጠል ሲገባው ያ ባለሙያ የአማቴን ስልክ ከሷ በፊት ቀጥሎታል። ስልኩ በጠራ ቁጥር፣ በተነሣ ቁጥር፣ ሁከቱ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ነው። ዘመድ ሌሊት ስለማይደውል ሌሊት ሰላም ነው። ባለሙያውንም አልወቅሰውም፤ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» እያልኩ አናቱ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ሽቦውን ነቅሎ ስፕሊተሯ «ስልክ» የሚለው ቀዳዳ ላይ ለመሰካት የፈጀው አንድ ሰዓት አይሞላም።

«ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኳት።

«ሁለት ሳምንት ይሆነኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነካሽው አላላችሁኝም እንዴ? ደግሞ ነካካሽ እንዳልባል ብዬ ነው ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ አዲሱን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፌ ጎረቤት አንኳኳሁ። የልጁ እናት ጭምብላቸውን አጥልቀው በሩን ገርበብ አደረጉት። ልጁ የለም፤ ጓደኛው ጋ እየሄደ ነው የሚያነበው፣ ወዲያ ማዶ፣ በታክሲ። ያኔ ታክሲ መሳፈር ምን ማለት እንደነበር የምታውቁት ነው። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

«ምነው፣ ተቀይሮ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«መስመሩ ተበላሽቶ ነው» አልኳቸው።