ለሁለት የተቀደደው ፎቶግራፍ፤ ስለ «ሰባተኛው ሰው» የቀረበ ሒስ

ጆን በርገር ጽሑፉን፣ ዣን ሞር ፎቶግራፎቹን አዘጋጅተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. ያወጡት «ሰባተኛው ሰው» የተባለው መጽሐፍ ከቱርክ፣ ከፖርቱጋል፣ ከዩጎዝላቪያና ከመሰሎቻቸው አገሮች ወደ ሰሜን አውሮፓ ለሥራ ስለ ሄዱ ሰዎች የሚናገር ነው። ስሙን ያገኘው በዚያን ጊዜ በጀርመንና በእንግሊዝ አገር ከሰባት የጉልበት ሠራተኞች አንዱ መጻተኛ ስለ ነበረ ነው። መጽሐፉን ያነበቡ ሁሉ ርኅራኄውን ያመሰግናሉ፤ ምስጋናውም ይገባዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው በባዕድ አገር ለመሥራት ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ በመጽሐፉ ውስጥ እንዴት እንደ ተገለጸ ነው።

አንደኛው መንገድ ሕጋዊው ነው። ቱርክና ምዕራብ ጀርመን በ1961 (በዚያው አቈጣጠር) ውል ከተዋዋሉ በኋላ አመልካቹ በኢስታንቡል በተከፈተው የጀርመን መሥሪያ ቤት ቀርቦ በሐኪም ይመረመር ነበር። የሞር ፎቶግራፎች ልብሳቸውን አውልቀው የተሰለፉ፣ በገላቸው ላይ ቍጥር የተጻፈባቸው ጐልማሶችን ያሳያሉ። ምርመራውን ያለፈው በባቡር ይሳፈራል፤ የወደቀው ወደ መንደሩ ይመለሳል። ያለፈውም ቢሆን የሚሄደው ውሉ ወዳሰረው አሠሪ ነው። በመጀመሪያ የተወሰነው የሁለት ዓመት ገደብ በ1964 የተነሣው እንኳ፣ አሠሪዎቹ ያሠለጠኑትን ሰው መልቀቅ ስለ ከበዳቸው እንጂ ለሠራተኛው ታስቦ አልነበረም።

ሁለተኛው የፖርቱጋሎቹ መንገድ ነው። ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር መውጣት ወንጀል ስለ ነበረ ተጓዡ በሌሊት በአሻጋሪ እየተመራ ወደ ፈረንሳይ ይገባል። ከመነሣቱ በፊት ፎቶግራፉን ለሁለት ቀድዶ ግማሹን ለአሻጋሪው ይሰጣል፣ ግማሹን ራሱ ይይዛል። ፈረንሳይ በደኅና ሲደርስ የራሱን ግማሽ ለቤተሰቡ ይልካል። አሻጋሪው የእሱን ግማሽ ይዞ ሲመጣ ሁለቱ ይገጣጠሙና ያን ጊዜ ብቻ ገንዘቡ ይከፈለዋል።

በርገር ይህን በጥቂት መስመር ተርከው ያልፋሉ። እንደኔ አስተያየት ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠ ሊመረመር የሚገባው ይህ ነበር። በስውሩ መንገድ መያዣው ያለው በተጓዡ እጅ ነው፤ በሕጋዊው መንገድ ግን ውሉም፣ የሐኪሙ ውጤትም፣ ማኅተሙም በሌሎች እጅ ነው። ይህን ስል አሻጋሪውን ማመስገኔ አይደለም፤ በጨለማ ድንበር መሻገር ነፍስን ማስያዝ ነው። የምለው፣ ሕግ ለሠራተኛው ሊሰጠው ሲገባ ያልሰጠውን ዋስትና ገበሬዎቹ በአንዲት ፎቶግራፍ ፈጠሩት ነው። ደራሲው ሁለቱንም መንገድ በአንድ የኢኮኖሚ ምክንያት ስለሚያስረዱ ልዩነቱ ይጠፋባቸዋል።

ደራሲው ስለ ሴቶች ሠራተኞች አለመጻፋቸውን ራሳቸው ያምናሉ፤ ለእነሱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያስፈልጋል ይላሉ። ለእኛ አገር አንባቢ ጉድለቱ ከዚህ ላይ ይሰማል፤ ከኛ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት አብዛኞቹ ለቤት ሥራ የሚቀጠሩ ሴቶች ናቸውና። በ2008 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 በዚያ ፎቶግራፍ ዐይን ቢነበብ መልካም ነው። አዋጁ ሲወጣ ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ 100,000 የአሜሪካን ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዝግ ሒሳብ እንዲያስይዝ አዝዟል። መያዣ ማስፈለጉን ማወቁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መያዣው ያለው አዲስ አበባ፣ በባንክ ነው፤ ልጅቱ ያለችው በሰው ቤት ውስጥ ነው። ከፋላ በሚባለው ሥርዐት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ደመወዟን ተከልክላ ከቤቱ ብትወጣ ጠፍታለች ተብላ ይከሰስባታል፤ በሕግ የገባችው ልጅ በዚያች ሰዓት ሕገ ወጥ ትሆናለች። አቤቱታዋን ለማቅረብ የሚያስፈልጋት ፓስፖርትም ብዙ ጊዜ በእመቤቲቱ መሳቢያ ተቈልፎበታል። ፖርቱጋላዊው ገበሬ ግማሽ ፎቶግራፉን በኪሱ ይዞ ነበር የሄደው።