የ1215ቱ የላተራን ጉባኤ፤ ስለ ፍርድና ስለ ኑዛዜ

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ሣልሳዊ የጥሪ ደብዳቤውን በ1213 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ልኮ፣ ከሁለት ዓመት ዝግጅት በኋላ በኅዳር ወር 1215 በሮማ በላተራን ባሲሊካ ጉባኤውን በከፈተ ጊዜ፣ ከ400 የሚበልጡ ጳጳሳትና ከ800 የሚበልጡ አበምኔቶችና የገዳማት አለቆች፣ ከነገሥታት መልእክተኞች ጋር ተሰብስበው ነበር። ሊቃውንት ስለዚህ ጉባኤ ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኵሩት፣ ኅብስቱና ወይኑ ወደ ሥጋ ወደሙ መለወጣቸውን ባጸናው በመጀመሪያው ቀኖና ላይ ነው። የተራውን ምእመን ኑሮ የለወጡት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ 70 ከሚያህሉት ቀኖናት መካከል 18ኛውና 21ኛው ናቸው።

18ኛው ቀኖና ካህናት የጋለ ብረትና የፈላ ውሃ ፈተናን እንዳይባርኩ ከለከለ። በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ጾሞና ቅዳሴ ሰምቶ፣ ካህኑ የባረከውን የጋለ ብረት በባዶ እጁ ጨብጦ የተወሰነ እርምጃ ይራመድ ነበር፤ ከዚያም እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታተማል፤ በሦስተኛው ቀን ሲፈታ ቍስሉ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ነጻ ይወጣል፤ መግል የቋጠረ እንደ ሆነ ይፈረድበታል። ይህ ሁሉ በካህኑ ቡራኬ ላይ የቆመ ስለ ነበረ፣ ጉባኤው ካህኑን ከእሳቱ ባራቀው ጊዜ ፍርዱ መሠረቱን አጣ። በእንግሊዝ አገር በ1219 የሕፃኑ ንጉሥ የሄንሪ ሣልሳዊ መንግሥት የፈተናውን መከልከል ለተዘዋዋሪ ዳኞቹ አስታወቀ፤ ቀስ በቀስም የአካባቢ ሰዎች ምለው የሚፈርዱበት ሥርዓት ቦታውን ያዘ።

21ኛው ቀኖና ደግሞ ክፉና ደጉን ለመለየት የደረሰ ምእመን ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለሰበካው ካህን እንዲናዘዝና በትንሣኤ በዓል እንዲቈርብ አዘዘ። የኑዛዜውን ምሥጢር ያወጣ ካህን ከክህነቱ ተሽሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ በገዳም ተዘግቶ በንስሐ እንዲኖር ተፈረደ። እንዲህ ያለ ሸክም የተጫነበት ካህን መማር ነበረበትና፣ ለአናዛዥ አባቶች የሚጻፉ መጻሕፍት በተከታዮቹ ዓመታት በዙ።

ሁለቱ ቀኖናት ጐን ለጐን ሲነበቡ አንድ አሳብ ይወጣቸዋል፤ ይኸውም የሰው በደል በተቃጠለ ሥጋው ላይ ሳይሆን በገዛ አንደበቱ ይፈለግ የሚል ነው። ታላቅ አሳብ ነው። ነገር ግን የአውሮፓ ዳኞች በብዙ አገር ያንን አንደበት በግርፋትና በሥቃይ ማናገር ጀመሩ፤ ይህም የተሐድሶው መራራ ፍሬ ሆነ።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው፣ በሥጋ ላይ ምልክት መፈለግን የተወው ይኸው ጉባኤ፣ በ68ኛው ቀኖና አይሁድና ሙስሊሞች በልብሳቸው ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲታወቁ መወሰኑ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1218 አይሁድ በልብሳቸው ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ታዘዙ። ስለዚህ የጉባኤውን ታሪክ የሚያስተምሩ መምህራን 18ኛውን ቀኖና ባመሰገኑበት ቦታ 68ኛውንም ገልጠው እንዲያነቡ እማጠናለሁ።