ሙቀቱ ነው ወይስ መንገዱ? የደጋ ወባ ምርምሮች ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታዩ

ትኩሳት ይዞት ደሴ ከተማ ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሕመምተኛ በመጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሰሞኑን ቆላ ወርደው ነበር?» የሚለው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ከተማ ወባን ከሩቅ እንደሚመጣ እንግዳ ስታየው ኖራለች። ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል በምትገኘውና ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ በሆነው በኮምቦልቻ ግን ወባ እንግዳ ሳይሆን ጎረቤት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የ650 ሜትር ልዩነት በአየር ሙቀት ሲተመን ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ጤና ከተደረጉት የቅርብ ዓመታት ምርምሮች ውስጥ ብዙ ያከራከሩት በትክክል እንዲህ ያለውን ቁልቁለት የሚመለከቱ ናቸው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ምድር በሞቀች ቁጥር ወባ ዳገቱን ይወጣል ወይስ አይወጣም?

ለዚህ ጥያቄ በኢትዮጵያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ሰፊ ዝና ያገኘው አሚር ሲራጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2005 በደብረ ዘይት አካባቢ የተመዘገቡትን የወባ ሕሙማን በየመኖሪያ ቀበሌያቸው ከፍታ ደረደሯቸው፤ ከኮሎምቢያ አንጾኪያ ግዛት የተገኘ ተመሳሳይ መረጃም ጎን ለጎን አቀረቡ። ውጤቱ በሞቃት ዓመታት የሕሙማኑ መካከለኛ ከፍታ ወደ ላይ እንደሚሸሽ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት ደግሞ እንደሚወርድ አሳየ። የጥናቱ ብልኃት እዚህ ላይ ነው። የሕሙማንን ብዛት ብቻ ቢቆጥር ኖሮ የመድኃኒት መለወጥ፣ የኬሚካል ርጭት መቋረጥ ወይም የሕዝብ ብዛት መጨመር ውጤቱን ያዛቡት ነበር። ከብዛቱ ይልቅ በከፍታ ላይ ያለውን ስርጭት በመመልከቱ ግን ከነዚህ ምክንያቶች ብዙዎቹን ወደ ጎን ለማድረግ ችሏል። ክሎሮኪን ከአገልግሎት የወጣውና በፋንሲዳር የተተካው በዚያው የጥናት ዘመን ውስጥ መሆኑን ለሚያስታውስ የጤና ባለሙያ ይህ ጥንቃቄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚያሳዝነው ከጥናቱ ይልቅ ከጥናቱ ጋር የተሠራጨው ቁጥር ዝነኛ መሆኑ ነው። ሙቀት በ1 ዲግሪ ቢጨምር በኢትዮጵያ ከ15 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ተጨማሪ የወባ ሕመም ሊከሰት ይችላል የሚለው ግምት በየጋዜጣው ተደጋገመ። ግምቱ የቆመው ምንም ዓይነት የመከላከል ሥራ እንደማይኖር በማሰብ ነው። አጎበር፣ ርጭትና ውጤታማ መድኃኒት በሌለበት ዓለም የተሰላ ቁጥር የማስጠንቀቂያ ዋጋ ይኖረው ይሆናል፤ ለደቡብ ወሎ የመድኃኒት ግዢ ዕቅድ ግን አይሆንም። በሥልጠና መድረኮች ላይ ሲጠቀስ ግን ይህ ቅድመ ሁኔታ ወድቆ ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል።

ክርክሩ በዚህ ጥናት አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሳይመን ሄይና ባልደረቦቹ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ወባ ባገረሸባቸው አራት የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ቦታዎች ጉልህ የሆነ የአየር ንብረት ለውጥ አላገኘንም ሲሉ ጻፉ። ከአራት ዓመት በኋላ መርሴዲስ ፓስኳልና ባልደረቦቿ የእነዚያኑ ቦታዎች የሙቀት መዝገብ እስከ 2002 ድረስ አራዝመው በሌላ የስሌት ዘዴ ሲመረምሩት የሙቀት ጭማሪ አገኙበት። ያው ቦታ፣ የተራዘመ መዝገብ፣ ተቃራኒ መደምደሚያ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሻቪዬር ሮዶና ባልደረቦቹ፣ አሚር ሲራጅንም ጨምሮ፣ ከ1968 እስከ 2007 ያለውን የኦሮሚያ ደጋ መዝገብ ተመልክተው የወባ ቁጥር ማሽቆልቆል የጀመረው አጎበር በብዛት ከመታደሉ በፊት፣ የሙቀት ጭማሪው ረገብ ባለበት ወቅት እንደነበር አስረዱ። ይህ ለአየር ንብረት ወገን ድጋፍ ይመስላል፤ በጥሞና ለሚያነበው ግን ሌላ ነገርም ይናገራል። የመከላከል ሥራችን ውጤት ነው ብለን ከምንኮራበት የቁጥር መቀነስ ከፊሉ የሰማይ ስጦታ ከነበረ፣ ሰማይ መልሶ ሲወስደው የሚከተለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መታሰብ ነበረበት።

ብራድፊልድ ላየንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሥራ ለደሴ ይበልጥ የቀረበ ነው። ፋልሲፓረም በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ 18 ዲግሪ ያህል፣ ቫይቫክስ ደግሞ 15 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋሉ በሚል መነሻ፣ እነዚህ የሙቀት ወሰኖች በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከ1981 ወዲህ ከ100 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣታቸውን አስልተዋል። ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የተሰላው ለወባ የሚመች ሙቀት እንጂ ወባው ራሱ አይደለም። ሙቀት በሩን ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ በደጋ የታየ ማንኛውም የወባ ሕመም በጅምላ «የአየር ንብረት ለውጥ» ተብሎ ይመዘገብና ምርመራው እዚያው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1958 የኢትዮጵያን ደጋ የመታው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። ያን ጊዜ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የሚያወራ አልነበረም። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት በአንድ ዓመት ተገናኙ፤ የበሽታ መቋቋም አቅም ያልነበረውን የወይና ደጋ ሕዝብ አገኙት። የኮምቦልቻ ከፍታ ከዚያ ወሰን መካከል መሆኑን ልብ ይሏል።

ከላይ የተጠቀሱት ምርምሮች ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው። የሚናገሩት ስለ ነባሯ የአገራችን ወባ አስተላላፊ ትንኝ፣ ስለ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ነው። እርስዋ ዝናብ ያቆረው የጠራ ውሃ፣ የወንዝ ዳር ኩሬ፣ የእግር ዱካ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ትሻለች፤ ስለዚህም ወባ የገጠርና የክረምት ማግሥት በሽታ ሆኖ ኖሯል። ጥናቶቹ ሲጻፉ ግን ሌላ ትንኝ መንገድ ላይ ነበረች። የእስያ ተወላጅ የሆነችው አኖፌለስ ስቴፌንሳይ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ተገኘች። በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበረው የጅቡቲ የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የተገኘችው በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። በ2018 መሸሻ ባልከውና ባልደረቦቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች ባደረጉት አሰሳ ከሰመራ እስከ ጎዴ አገኟት፤ ከአማራ ክልልም ባቲ ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች።

ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጅቡቲ በሚሌ በኩል በሚመጣው የጭነት መንገድ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ የዚያ መንገድ ማረፊያ ናት፤ ደረቅ ወደብ አላት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ይህች ትንኝ የምትራባው በሮቶ፣ በበርሜል፣ ለግንባታ ውሃ በተጠራቀመበት ጉድጓድ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ቤተሰብ በርሜል ባያስቀምጥ ምን ሊጠጣ ኖሯል? የከተማ ዕድገት የምንለው ነገር በትንኟ ዓይን ሲታይ የመራቢያ ቦታ መስፋፋት ነው።

የዚህን ትርጉም አጉልቶ ያሳየው በድሬዳዋ የደረሰው ነው። በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን ብቻ የመዘገበችው ከተማ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ መዘገበች። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎችና ተባባሪዎቻቸው በ2023 «ኔቸር ሜዲስን» ላይ ባወጡት ጥናት ሕሙማኑንና ጤነኛ ጎረቤቶቻቸውን አነጻጽረው፣ ከወባ መያዝ ጋር የተያያዘው በቤታቸውና በአካባቢያቸው የስቴፌንሳይ መገኘት መሆኑን አሳዩ። ጥናቱ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። የአንድ ከተማ የአንድ ወረርሽኝ ታሪክ ነው፤ የተጀመረውም ወረርሽኙ ከፈነዳ በኋላ ነው። ቢሆንም ከሙቀት ስሌቶች ሁሉ ይልቅ ለኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የት መሄድ፣ ምን ከድኖ ወይም አፍስሶ መመለስ እንደሚቻል ይነግራል። በዚያው ጥናት ላይ የተገለጸ ሌላ ነገርም አለ። ከተገኙት ጥገኛ ተሕዋስያን ውስጥ አርቴሚሲኒንን የመቋቋም ምልክት ያላቸውና በፈጣን መመርመሪያ ሊያመልጡ የሚችሉ ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ስንደው ፈለቀና ባልደረቦቹ በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረው ይኸንኑ የማምለጥ ባሕርይ አሳይተዋል። የአማራው ናሙና ግን የተወሰደው በምዕራቡ ጠረፍ በኩል እንጂ ከወሎ አይደለም። ስለዚህ በደሴ «ቆላ አልወረድኩም» ያለና ፈጣን ምርመራው ነጻ ያሳየ ሕመምተኛ ትኩሳቱ ካልለቀቀው፣ የደም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ማሳየት ከቀድሞው ይበልጥ ተገቢ ሆኗል።

እነዚህን ሁለት የምርምር ዘርፎች ሦስተኛ ነገር ሳይጨምሩ ማንበብ ለወሎ አይቻልም። ደሴና ኮምቦልቻ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ በጦርነቱ ተይዘው ቆዩ፤ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ሕዝብ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ቆላ ተፈናቀለ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ወባ አሻቀበ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቦ እንደነበር አስታውቋል። ይህን ቁጥር ለሙቀት ብቻ መስጠት ለአስተዳዳሪ የሚመች መልስ ነው፤ ማንንም አይወቅስም፣ ምንም አያሠራምና።

ስለ ኃይል ምንጭ የሚደረጉት ምርምሮችም ከዚሁ ሚዛን ላይ ቢቀመጡ መልካም ነው። የተሻሻለ ምድጃ ጭስን ቀንሶ የሕፃናትን የሳንባ ምች ይቀንሳል የሚለው ተስፋ ለረጅም ጊዜ እንደተረጋገጠ ነገር ሲሰበክ ቆይቷል። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበትና በ2017 የወጣው ሙከራ ግን በሳንባ ምች ላይ ልዩነት አላገኘም። በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ በቡታ ጋዝ የተደረገውም በ2022 ባወጣው ውጤት ጭሱ ቢቀንስም በሕፃናት የልደት ክብደት ላይ ጉልህ ለውጥ አላሳየም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በእንጀራ ምድጃ ላይ የተደረገውም ሙከራ የተጠበቀውን ልዩነት አላመጣም። ይህ ማለት ጭስ አይጎዳም ማለት አይደለም። ምድጃ ስለተለወጠ ብቻ ጎረቤቱ የሚያጨሰው፣ ወጡ የሚሠራበት ጉልቻና የቡናው ከሰል አልተለወጡም ማለት ነው። የደሴን የክረምት ጉም የሚያውቅ ሰው በርና መስኮት ዘግቶ በከሰል መሞቅ ምን እንደሆነ ይረዳል፤ ያንን ቤት ግን አንዱም ሙከራ አልለካውም።

ስለ አዳዲስ የኃይል ቁሶች የሚባለው አጭር ነው። ፔሮቭስካይት የተባለው የፀሐይ ብርሃን መቀበያ ቁስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከነበረበት 4 በመቶ የማይሞላ ብቃት በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ በላይ ደርሷል፤ እርጥበትና ሙቀት ግን ዛሬም ጠላቶቹ ናቸው። ለጤና ኬላ እስከ አሁን የጠቀመው ከዚህ ያነሰ ዝና ያለው ነገር ነው፤ ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፀሐይ የሚሠራና ቅዝቃዜውን በበረዶ የሚያከማች የክትባት ማቀዝቀዣ። የቀደሙት የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በባትሪያቸው ነበርና ባትሪውን ማስወገዱ አዲስ ቁስ ከመፈልሰፍ የበለጠ ዋጋ አስገኘ። የመብራት መስመር ሲቋረጥ የሰነበተ ወረዳ ይህን ለማመን ማስረጃ አያስፈልገውም።

ወደ ወባው ስንመለስ፣ የደብረ ዘይቱ ጥናት የተሠራው በውድ መሣሪያ ሳይሆን በየጤና ተቋሙ በተጻፈ መዝገብ ነው። የሕመምተኛው ቀበሌ በትክክል ስለተመዘገበ ከፍታው ሊታወቅ ቻለ። በደሴና በኮምቦልቻ የላቦራቶሪ መዝገቦች ላይ የቀበሌው ስም ብዙ ጊዜ «ከተማ» በሚል አንድ ቃል ከተተካ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተደረገ ጉዞም ካልተጻፈ፣ በአራዳ የሚኖር ነጋዴ ወባውን ከባቲ ሰኞ ገበያ ይዞት ይምጣ ወይም ከጓሮው በርሜል ያግኘው የሚለይ የለም። የትንኝ እጭ አሰሳም እስከ ዛሬ እንደተለመደው መስከረምን ጠብቆ በቦርከና ዳር ብቻ ከተደረገ የምትፈለገውን ትንኝ አያገኛትም፤ እርስዋ የምትፈለገው በጥርና በየካቲት፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ በግንባታ ቦታዎችና በየግቢው የሮቶ ክዳን ሥር ነው።